የአማርኛ ቃለ መጠይቅ በስልክ ብቻ ይሁን ስለተባለው ለጥገኝነት ጉዳይ መሥሪያ ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበሩ የትርጉም አገልግሎት ክፍል ኃላፊ፣

ክፍልዎ በቅርቡ ለአስተርጓሚዎች ባሰራጨው ማስታወቂያ ሦስት ነገሮችን አሳውቆናል። የአማርኛ ቃለ መጠይቅ ከእንግዲህ በስልክ ብቻ ይካሄዳል። አስተርጓሚው የጉዳዩን ዓይነት አስቀድሞ አይነገረውም። ፆታዊ ዝንባሌንና የፆታ ማንነትን የተመለከተው ሥልጠናም በበጀት ምክንያት ቀርቷል። የዚህን ደብዳቤ በዚህ አገር ቋንቋ የተጻፈ ቅጂ ለቢሮዎ አስገብተናል። በአማርኛም የምናወጣው ጥገኝነት ጠያቂዎች፣ የሙያ ባልደረቦቻችንና ወገኖቻችን እንዲያነቡት ነው።

ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለብን። ስለዚህ ከታች በምንጠቅሳቸው ጉዳዮች ላይ ሰውን ሊያስለዩ የሚችሉትን ከተማ፣ ዕድሜና የቤተሰብ ሁኔታ ትተናል፣ ወይም ቀይረናል። ስም ጠርተን የምንከሰው መርማሪም ሆነ አስተርጓሚ የለም፤ የምንከራከረው አሠራሩን ነው።

ውሳኔው ሁሉንም አማርኛ ተናጋሪ አመልካች ይነካል። ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ግን የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ወይም ትራንስጀንደር (የፆታ ማንነቱ ሲወለድ ከተሰጠው ፆታ የተለየ) በመሆኑ ጥገኝነት የሚጠይቀውን ሰው ነው። የፓርቲ አባል የነበረ ሰው መታወቂያ ያቀርባል፤ የታሰረ ሰው የፍርድ ቤት ወረቀት ያመጣል። የሚያፈቅረውን ሰው ለመደበቅ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ግን ምን ሰነድ ያምጣ? መልእክቱን አጥፍቷል፣ ፎቶውን ቀዷል፣ ስልኩን ለውጧል። ያለው ማስረጃ አንደበቱ ብቻ ነው፤ ያም አንደበት ወደ መዝገብዎ የሚገባው በእኛ በኩል አልፎ ነው።

ከስልኩ እንጀምር። የሐኪም ቀጠሮ ለመለወጥ ወይም አድራሻ ለማረጋገጥ ስልክ አይከፋም። ሦስትና አራት ሰዓት ለሚፈጅ ቃለ መጠይቅ፣ በዚያ ላይ ለአማርኛ ተናጋሪ፣ አይሆንም። ሐበሻ «አዎ» የሚለው ሁልጊዜ በቃል አይደለም። ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋል፣ በቃ፤ መልሱ ተሰጥቷል። በስልክ መስመር ይህ ድምፅ ወይ ጨርሶ አይሰማም፣ ወይ ድንጋጤ ይመስላል። በአንድ መዝገብ ላይ «አባትዎ ስለዚህ ነገር ያውቃሉ?» ለሚለው ጥያቄ «አመልካቹ መልስ አልሰጠም» ተብሎ ተጽፏል። የድምፅ ቅጂው ይግባኝ ላይ ሲደመጥ ትንፋሹ በግልጽ ይሰማል፤ ሰውየው «አዎ» ብሏል። የመጀመሪያው ውሳኔ ግን «ቁልፍ ጥያቄ ሸሽቷል» ብሎ ውድቅ አድርጎታል። አስተርጓሚው ክፍሉ ውስጥ ቢሆን፣ ወይም ቢያንስ ፊቱን በቪዲዮ ቢያይ፣ ይህ ስሕተት አይፈጠርም ነበር። መሬት መሬት እያየ የሚመልስን ሰው እንደ ውሸታም ለሚቆጥር መርማሪም፣ እኛ ዘንድ ይህ የአክብሮትም የኀፍረትም ልማድ መሆኑን አጠገቡ ያለ አስተርጓሚ ሊያስረዳ ይችላል።

ሌላው ደግሞ አስተርጓሚው የት ሆኖ ነው ስልኩን የሚያነሳው የሚለው ነው። ክፍያው በደቂቃ፣ ያውም መስመሩ ከተከፈተ ጀምሮ ብቻ ስለሚታሰብ፣ ብዙዎች ሌላ ሥራ ላይ እያሉ ያነሳሉ። ታክሲ አቁሞ የሚያስተረጉም አለ፤ ከሱቅ ጓሮ፣ ሰው ከሚገባ ከሚወጣበት ሳሎን የሚያስተረጉምም አለ። አመልካቹ ከመስመሩ ወዲያ ማዶ የልጆች ጨዋታና የአማርኛ ወሬ እየሰማ ስለ ፍቅረኛው እንዲያወራ ይጠየቃል። አያወራም፤ አንፈርድበትምም። መርማሪው ከመጀመሩ በፊት ሦስት ጥያቄ ቢጠይቅ ይበቃ ነበር፦ ብቻዎን ነዎት? በሩ ተዘግቷል? ማዳመጫው ጆሮዎ ላይ ነው? አሁን ያለው ቅጽ አንዱንም አይጠይቅም።

እዚህ አገር ያለን አማርኛ ተናጋሪዎች ጥቂት ነን። እሑድ አንድ ቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን፣ አንድ ዕቁብ እንጥላለን፣ ለቅሶ ስንደርስም አንድ ድንኳን ውስጥ እንቀመጣለን። የአስተርጓሚው ስም ቢደበቅ እንኳ ድምፁ አይደበቅም። አንዲት አመልካች ስልኩ ላይ የሰማችው ድምፅ የማኅበሯ ጸሐፊ ሆነባት። አስተርጓሚ መለወጥ እንደሚቻል የነገራት አልነበረም። የመጣችበትን ምክንያት ትታ በአካባቢዋ ስለነበረው ግጭት ብቻ ተናገረች። እውነተኛውን ጉዳይ ያነሳችው ውድቅ ከተደረገች በኋላ ነው፤ ያኔ «ለምን እስካሁን ደበቅሽ?» ተባለች። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2 ቀን 2014 በሰጠው ፍርድ፣ አንድ ሰው ፆታዊ ዝንባሌውን በመጀመሪያው አጋጣሚ ባለመናገሩ ብቻ አይታመንም ማለት እንደማይቻል ደንግጓል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የኅብረቱ የጥገኝነት ሂደት መመሪያ አንቀጽ 15ም አመልካቹ ከጠየቀ፣ በተቻለ መጠን ወንድ ለወንድ፣ ሴት ለሴት የሆነ መርማሪና አስተርጓሚ እንዲመደብ ያዛል። ስለ ሁለቱም ስናነሳ «እናውቃለን» የሚል መልስ እናገኛለን። አሠራሩ ላይ ግን አናየውም።

የእኛን ሰዎች ጥፋትም አንሸሽግም። በዕረፍት ሰዓት አመልካቹን «ይህን ነገር ተወው፣ ንስሐ ግባ፣ እኔ ጥሩ አባት አስተዋውቅሃለሁ» ያለ አስተርጓሚ እንዳለ በቂ ማስረጃ ደርሶናል። የሰው ሃይማኖት የራሱ ነው፤ በዚህ ርእስ ላይ ማስተርጎም ሕሊናዬ አይፈቅድም የሚል ባልደረባ ቢኖር እናከብረዋለን። ግን አስቀድሞ ይናገርና ሌላ ይመደብ። ጉዳዩ ሳይነገረው በስልክ ጠርታችሁ መሐል ላይ ስታስደነግጡት ለእሱም ለአመልካቹም አይበጅም። ስለዚህ የጉዳዩን ዓይነት መደበቅ አመልካቹን ይጠብቃል የሚለው የማስታወቂያው ምክንያት አያስኬድም። መደበቅ ያለበት የአመልካቹ ስም ነው። ርእሱ መነገር አለበት።

ርእሱ ሳይነገር ሲቀር ምን እንደሚፈጠር ከመዝገቦች እናሳይ። አማርኛ ግሡ ላይ ፆታ ያሳያል፤ ቃሉ ላይ ግን ሁልጊዜ አያሳይም። «ፍቅረኛዬ» ወንድም ሴትም ሊሆን ይችላል፤ «ደወለ» ወይም «ደወለች» ሲባል ነው የሚታወቀው። አንድ ወንድ አመልካች «ፍቅረኛዬ ደወለና…» ሲል ያልተዘጋጀ አስተርጓሚ አፍ ያዳለጠው መስሎት «ደወለች» አድርጎ ያርመዋል። ከሃያ ደቂቃ በኋላ አመልካቹ የፍቅረኛውን ስም ሲጠራ የወንድ ስም ሆኖ ይገኛል፤ መዝገቡም «ስለ ፍቅረኛው ፆታ የተለያየ ቃል ሰጥቷል» ይላል። ለረጅም ጊዜ ሲደበቁ የኖሩ ሰዎች ደግሞ ፆታ የማያሳየውን አነጋገር ለምደውታል፦ «አብሬው» ከማለት «ከሰው ጋር»፣ «እሱ» ከማለት «እነሱ»። ይህን ወደ እሱ ወይም እሷ በግምት መለወጥ የአስተርጓሚው ሥራ አይደለም። ሥራው «አመልካቹ ፆታውን አልገለጸም፤ ልጠይቅ?» ማለት ነው።

ሴቶች ላይ ደግሞ «ጓደኛ» የሚለው ቃል ያስቸግራል። «ጓደኛዬ ጋ አድር ነበር» ያለች ሴት ቃሏ እንደ ተራ ባልንጀርነት ይጻፋል፤ በኋላ «ፍቅረኛዬ ናት» ስትል «መጀመሪያ ጓደኛ ነበር ያልሽው» ይመጣል። በተለይ በቤት ሠራተኝነት ወደ ቤይሩት፣ ዱባይና ሪያድ ሄደው ከዚያ ወደ አውሮፓ የተሻገሩ ሴቶች ጉዳይ ላይ ይህን ደጋግመን አይተናል።

አዲስ አበባ ውስጥ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች እርስ በርሳቸው «ዜጋ» ይባባላሉ። ሌላ ሰው አጠገባቸው ቢኖር የማይገባው፣ ለጆሮ ደኅና የሆነ ቃል ነው። አንድ አመልካች ከእሱ ጋር ስለተያዘው ልጅ «እሱም ዜጋ ነው» ብሎ ሲናገር ቃል በቃል ተተረጎመ። መርማሪውም በቅን ልቦና «የየትኛው አገር?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ያለው ግማሽ ገጽ ስለ ፓስፖርት ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። መርማሪዎች «ካሚንግ አውት» የሚሉት፣ ሰው ማንነቱን ለቤተሰብ ወይም ለወዳጅ የሚገልጽበትን ጊዜ ነው። አስተርጓሚው ቃል በቃል «መቼ ነው የወጣኸው?» ይለዋል። አመልካቹ «በመስከረም፣ በመተማ በኩል» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ መዝገቡ ግን ሰውየው ራሱን ያወቀው ድንበር ሲሻገር ነው ይላል።

«ጌይ ነህ?» የሚለውን ጥያቄ «ሰዶማዊ ነህ?» ብሎ መተርጎም ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። ሰውየው ይህን ቃል የሚያውቀው ከስብከትና ከስድብ ነው። «አይደለሁም» ይላል፤ «አመልካቹ ክዷል» ተብሎ ይሰፍራል። መጠየቅ ያለበት በቀላሉ «የሚያፈቅሩት ወንድ ነው ወይስ ሴት?» ተብሎ ነው። ስድብ ስድብ ሆኖ ሊተረጎም የሚገባው አመልካቹ የተሰደበውን ሲናገር ነው። አሁን የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ በሩ ላይ ቆመው «ቡሽቲ! እናቃጥልሃለን» ያሉትን አስተርጓሚው አፍሮ «ሰድበውታል፣ ዝተውበታል» ብሎ ያልፈዋል። ማን፣ ስለ ምን እንዳሳደደው የሚያስረዳው ግን ያ ቃል ነበር።

«ጸበል ወሰዱኝ» የሚለውም እንዲሁ። «ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱኝ» ተብሎ ሲጻፍ የእሑድ ጉዞ ይመስላል። ቤተሰብ ልጁን አስሮ ሳምንታት ጸበል ቦታ ማቆየቱ፣ እያስጾመ ማስጠመቁ፣ ከዚያም ቸኩሎ መዳሩ በስደት ሕግ የሚመዘን ጉዳት ነው። አስተርጓሚው ስለ ምን እንደሚወራ ቢያውቅ «ለምን ያህል ጊዜ? በፈቃድዎ?» የሚለው ጥያቄ እንዲከተል ለመርማሪው ፍንጭ ይሰጥ ነበር። ባለትዳርና የልጆች አባት መሆንም የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ አለመሆንን አያሳይም። ይህን መጻፋችን ራሱ ይገርመናል፤ ግን በውሳኔ ወረቀቶች ላይ አሁንም እናነበዋለን።

ስለ ትራንስጀንደር አመልካቾች አንድ ቀላል መፍትሔ እናንሳ። አንተ ወይም አንቺ ማለት አስተርጓሚውን ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ እንዲፈርድ ያስገድደዋል። «እርስዎ» ግን ፆታ አያሳይም፤ ግሡም «ይናገሩ»፣ «መቼ መጡ?» ሲል ለሁሉም አንድ ነው። ለሦስተኛ ሰውም «እሳቸው» አለ። አመልካቹ እንዴት መጠራት እንደሚፈልግ እስኪናገር ድረስ በአንቱታ መነጋገር ወጪ የለውም። ወጣት ስለሆነ «አንተ» ይበቃዋል የሚል አስተርጓሚ ግን ለእህት ልጁ የሚያወራ ይመስል ሰውን ያቆስላል።

የዘመን አቆጣጠሩን በአጭሩ እናልፈዋለን፤ ከዚህ በፊትም ጽፈንበታል። አንድ አመልካች ከእንግዳ ማረፊያ የተያዘው «ነሐሴ 2015» እንደሆነ ተናገረ። መዝገቡ ላይ «ኦገስት 2015» ተብሎ ገባ። መርማሪው የአገር መረጃ ፈትሾ በዚያ ዓመት በአዲስ አበባ እንዲህ ያለ ዘመቻ እንዳልነበረ ጻፈ። ልክ ነው፤ አልነበረም። ነሐሴ 2015 በእኛ አቆጣጠር እ.ኤ.አ. ኦገስት 2023 ነው፤ የከተማው ባለሥልጣናት በሆቴሎችና በማረፊያዎች ላይ እርምጃ እንደሚወስዱ አስታውቀው ሕዝቡ ጥቆማ እንዲሰጥ የጠየቁትም በዚያው ወር ነው። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት፣ ከጥር እስከ ጳጉሜን ስምንት ዓመት አድርጎ መቁጠር ለወትሮው ሥራ ይበቃል። የሰዓቱ ልዩነት ስድስት ነው። አስተርጓሚው አመልካቹ እንዳለው ይተርጉም፤ ልወጣው አጠገቡ በቅንፍ ይጻፍ።

አሁን ሥልጠናው ላይ እንመለስ። «አስተርጓሚ ቋንቋ ካወቀ ይበቃዋል፣ ታሪክ ምን ያደርግለታል?» የሚል አስተያየት ከክፍልዎ ሰምተናል። የቃለ መጠይቆቻችሁ ግማሽ ታሪክ መሆኑ ተረስቷል። መርማሪዎች ስለ ስቶንዎል ይጠይቃሉ፤ የእነዚህ ወገኖች መለያ ስለሆነው ቀስተ ደመና ሰንደቅ፣ ስለ ሮዝ ሦስት ማዕዘን፣ ስለ ድርጅቶች ይጠይቃሉ። ስቶንዎል እ.ኤ.አ. ሰኔ 1969 ኒው ዮርክ ውስጥ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች በሚሰበሰቡበት አንድ መጠጥ ቤት ላይ በተደረገ የፖሊስ ወረራ የተቀሰቀሰ ዐመፅ ነው። ሰንደቁን በ1978 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የሠራው ጊልበርት ቤከር ነው። ከደሴ የመጣ ልጅ እነዚህን ባለማወቁ ማንነቱ አይፈርስም። የ2014ቱ ፍርድም ስለ ድርጅቶች ባለማወቅ ብቻ መደምደሚያ ላይ መድረስ እንደማይቻል ይናገራል። አስተርጓሚው ግን ጥያቄው ስለ ምን እንደሆነ ካላወቀ ባዶ ቃል ያቀብላል።

ከዚህም የሚከብድ ምክንያት አለ። «እንዴት ለማንም ሳትነግር ሠላሳ ዓመት ትኖራለህ?» የሚለውን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደተረጎምን አንቆጥረውም። መልሱ እዚሁ አህጉር ታሪክ ውስጥ ተጽፏል። ጀርመናዊው የሕግ ሰው ካርል ሃይንሪሽ ኡልሪክስ እ.ኤ.አ. በ1867 ሙኒክ ላይ በሕግ ባለሙያዎች ጉባኤ ፊት ቆሞ ይህን ፍቅር የሚቀጣው ሕግ እንዲሻር ሲጠይቅ በጩኸት አስቁመውታል። በ1871 በወንዶች መካከል ያለውን ግንኙነት የሚቀጣው አንቀጽ 175 በመላው ጀርመን ሕግ ሆነ። ሐኪሙ ማግኑስ ሂርሽፌልድ በ1919 በርሊን ላይ የሥነ ፆታ ጥናት ተቋም ከፈተ፤ ሐኪም ቤትም ቤተ መጻሕፍትም ነበረው፤ ሕጉ እንዲሻርም ለዓመታት ፊርማ ሲያሰባስብ ኖሯል። በግንቦት 1933 የናዚ ተማሪዎች ተቋሙን ዘረፉት፤ ከቀናት በኋላ መጻሕፍቱ አደባባይ ላይ ተቃጠሉ። በ1935 አንቀጹ ተጠናከረና በናዚ ዘመን 50,000 ያህል ወንዶች ተፈረደባቸው። ከ5,000 እስከ 15,000 የሚገመቱት ወደ ማጎሪያ ካምፕ ተላኩ፤ እዚያም ደረታቸው ላይ ሮዝ ሦስት ማዕዘን ተሰፋላቸው።

ከሁሉም የምንፈልገው ግን ቀጥሎ ያለውን እንዲያነቡልን ነው። ጦርነቱ አልቆ ካምፖቹ ሲከፈቱ እነዚህ ሰዎች ከሕጉ ነፃ አልወጡም። ምዕራብ ጀርመን ናዚዎች ያጠናከሩትን አንቀጽ እስከ 1969 ድረስ እንዳለ ይዛ ቆየች፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ቀጣች። አንቀጹ ፈጽሞ የተሰረዘው በ1994 ነው። ከጦርነቱ በኋላ የተፈረደባቸው ሰዎች ስማቸው የታደሰው በ2017 በወጣ ሕግ ነው። ስለዚህ አብዛኞቹ ከካምፕ የተረፉ ሰዎች የደረሰባቸውን ሳይናገሩ ሞቱ፤ ቢናገሩ ወንጀል መናዘዝ ይሆንባቸው ነበር። እንግሊዝ እስከ 1967፣ አየርላንድ እስከ 1993 ድረስ ያስቀጡ ነበር። የመርማሪዎቻችሁ አያቶች ዘመን ነው፤ የአንዳንዶቹም ወላጆች። በዚያ ዘመን የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ባል፣ አባት፣ ዲያቆን ሆኖ መደበቅ የሚታመን ከሆነ፣ ዛሬ ከኢትዮጵያ ሲመጣ የማይታመንበት ምክንያት አይታየንም።

የኢትዮጵያንም ማወቅ ያስፈልጋል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ፆታቸው አንድ በሆነ ሁለት ፈቃደኛ አዋቂዎች መካከል ያለውን ግንኙነት እንኳ በቀላል እሥራት ያስቀጣል፤ አንቀጽ 630 ከባድ በሚላቸው ሁኔታዎች እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ይደርሳል። ከዚያ በፊት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ይከለክል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ የሃይማኖት መሪዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው ክልከላው ሕገ መንግሥት ውስጥ እንዲገባ ጠይቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ድርጊቱን ይቅርታ ከማያሰጡ ወንጀሎች ተርታ ለማስገባት የቀረበው ሐሳብ ሳይጸድቅ ቀርቷል። አንዳንድ መርማሪ ይህን የመጨረሻውን ብቻ ይዞ «ሁኔታው ተሻሽሏል» ይላል፤ የ2023ቱን ዘመቻ ያላየ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 ተግባራዊ የሚሆን የእሥራት ቅጣት ስደት ሊሆን እንደሚችል፣ አመልካቹም ወደ አገሩ ተመልሶ ራሱን ይደብቅ ማለት እንደማይቻል ፈርዷል።

ሥልጠና ለመርማሪዎችም እንደሚያስፈልግ የሚያሳየው አሁንም የምንሰማቸው ጥያቄዎች ናቸው። ስለ አልጋ ዝርዝር መጠየቅ በ2014ቱ ፍርድ ተከልክሏል። የቅርርብ ቪዲዮ ወይም ፎቶ መቀበል አመልካቹ ራሱ ቢያቀርበው እንኳ አይቻልም። ዝንባሌን በሥነ ልቦና የሥዕል ፈተና መወሰንም እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ተከልክሏል። ቼክ ሪፐብሊክ ሥጋዊ ምላሽን በመሣሪያ እየለካች ትፈትን የነበረበትን ጊዜ የምታስታውሱት ይመስለናል፤ ምን ያህል እንደተወገዘም። አስተርጓሚ ጥያቄ አልተረጉምም ማለት አይችልም። ነገር ግን የተከለከለ ጥያቄ ሲጠየቅ መዝገቡ ላይ እንዲጻፍ የማድረግ መብት ሊኖረው ይገባል፤ አሁን የለውም።

ስለ በራሪ ወረቀታችሁም አንድ ነገር እንበል። በማሽን የተተረጎመው የአማርኛ ወረቀት አመልካቹ «የተመሳሳይ ፆታ አስተርጓሚ» የመጠየቅ መብት እንዳለው ይናገራል። ያነበበው ሁሉ የተረዳው አስተርጓሚው ራሱ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ እንደሚሆን ነው። አንዳንዱ ሳቀ፤ ብዙው ደንግጦ መብቱን ሳይጠቀምበት ቀረ። «ወንድ ወይም ሴት አስተርጓሚ መምረጥ ይችላሉ» ቢባል በአንድ መስመር ያልቅ ነበር።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

ፆታዊ ዝንባሌ ወይም የፆታ ማንነት የተነሳበት ቃለ መጠይቅ በአካል፣ ካልተቻለ በቪዲዮ ይካሄድ። ስልክ አመልካቹ ራሱ ከመረጠ ብቻ ይሁን፤ ፊቱን ማሳየት የማይፈልግ ይኖራልና ይህ ምርጫ ክፍት መሆን አለበት። አስተርጓሚው በተዘጋ ክፍል ብቻውን መሆኑን መርማሪው መጀመሪያ ጠይቆ መዝገብ ላይ ያስፍር።

ከቀጠሮው ቢያንስ 48 ሰዓት በፊት አስተርጓሚው የጉዳዩን ዓይነት፣ ያለ ስም፣ ይነገረው። ያለ ቅጣት «አልችልም» የማለት መብት ይኑረው። ከአመልካቹ ጋር የሚተዋወቅ ሆኖ ከተገኘ ወዲያውኑ እንዲወጣ የሚያስገድድ የጽሑፍ መግለጫ ይፈርም።

አመልካቹ በቅጽ ላይ አስቀድሞ ይጠየቅ፦ ወንድ ወይስ ሴት አስተርጓሚ? ከዚህ አገር ወይስ ከሌላ አገር የሚሠራ? ምክንያት ሳይሰጥ አንድ ጊዜ መለወጥ ይችል። የጎረቤት አገሮች መሥሪያ ቤቶች የአማርኛ አስተርጓሚ ስላላቸው በቪዲዮ መዋዋስ ይቻላል።

በየ45 ደቂቃው ዕረፍት ይሰጥ፤ በዕረፍት ጊዜ አስተርጓሚና አመልካች ብቻቸውን አይቀመጡ። ቃሉ በአማርኛ መስመር በመስመር ተመልሶ ይነበብ። እርማት ሲደረግ የቀድሞው አይሰረዝ፤ ሁለቱም ተጽፈው ስሕተቱ የማን እንደነበረ ይገለጽ። ቁልፍ ቃላት፣ ማለትም ስድብ፣ መጠሪያና የቅርርብ ቃል፣ ከትርጉማቸው ጎን በፊደላችን ይጻፉ። ክፍያው የዝግጅት ግማሽ ሰዓትንና መልሶ ማንበብን ይጨምር፤ አለዚያ ማንም አይቸኩል ማለት አይቻልም።

የተቋረጠው ሥልጠና በሁለት ግማሽ ቀናት ይመለስ። የመጀመሪያው ለአስተርጓሚና ለመርማሪ በጋራ፣ ታሪኩንና ሕጉን የሚመለከት ይሁን። ሁለተኛው ለአማርኛ አስተርጓሚዎች ብቻ፣ በቃላትና በአንቱታ አጠቃቀም ላይ ይሁን። የቃላት ዝርዝሩን ያለ ክፍያ ለማዘጋጀት ፈቃደኞች ነን፤ ሲዘጋጅ ግን ከኢትዮጵያ የመጡ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችና ትራንስጀንደሮች ተቀምጠውበት፣ ለተቀመጡበትም ተከፍሏቸው ይሁን። በራሪ ወረቀቱም ይሰብሰብና በሰው እንደገና ይተርጎም።

በመጨረሻም፣ በስልክ ተካሂደው «ስለ ፍቅረኛው ፆታ»፣ «ስለ ቀን» ወይም «ራሱ ክዷል» በሚል ምክንያት ውድቅ የሆኑ የአማርኛ መዝገቦች የድምፅ ቅጂያቸው በሁለተኛ አስተርጓሚ እንደገና ይደመጥ። ይህ እስኪጠናቀቅ እነዚህ ሰዎች ወደ አገር እንዳይመለሱ እንጠይቃለን። ለዚህ ደብዳቤ በ30 ቀናት ውስጥ የጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በጥገኝነት ጉዳዮች ላይ የምንሠራ የአማርኛ አስተርጓሚዎችና ተርጓሚዎች